ሽበትና ማስተዋል፦ ልምድ ጥበብ የሚሆነው መቼ ነው?

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላል የአገራችን ሰው። ይኸው ሰው አንድ አዛውንት መነጽራቸውን ያኖሩበት ቦታ ሲጠፋባቸው "ጃጅተዋል" ለማለት ይፈጥናል። ዕድሜ ማስተዋልን ይሰጣል ብለን እናምናለን፤ ዕድሜ አእምሮን ይወስዳል ብለንም እናምናለን። ሁለቱም እምነቶች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፣ ሁለቱም ግን ጉዳት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ያልታሰበበት ምክር ከሽበታም አፍ ስለወጣ ብቻ ትዳር እንዲፈርስበት ወይም ርስት እንዲከፈልበት ያደርጋል። ሁለተኛው ገና ብዙ የሚያካፍሉ ሰዎችን ከውይይት ያስወጣል፤ "እርስዎ ይረፉ" እያልን በአክብሮት ስም ዝም እናሰኛቸዋለን።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ40 ዓመታት በላይ ይህንኑ ጉዳይ ሲመረምሩ ቆይተዋል። የደረሱበት መልስ ከሁለቱም እምነቶች ይለያል። እንዲያውም ለእኛ፣ የሽምግልና ባህል ላለን ሰዎች፣ ከማንም ይልቅ ቅርብ ሊሆን የሚገባው መልስ ነው።

ጥበብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

እዚህ ጥበብ የምንለው የእጅ ሙያን ወይም ኪነ ጥበብን ሳይሆን አስተዋይነትን ነው። ከዕውቀትና ከልምድ መለየት ይኖርብናል። ዕውቀት ከትምህርት፣ ከንባብና ከወሬ የምናገኘው ነው። ልምድ በራሳችን ላይ የደረሰውና እኛው ያደረግነው ነው። ጥበብ የሚታየው ግን ትክክለኛ መልስ በመጽሐፍ ተጽፎ በማይገኝበት ጉዳይ ላይ ነው፦ ወንድማማቾች በውርስ ሲጣሉ፣ ልጅ ከቤት እወጣለሁ ሲል፣ የታመመ ሰው እውነቱ ይነገረው አይነገረው ሲባል።

በርሊን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊው ፖል ባልተስና ባልደረቦቻቸው፣ ጥበብን ለመለካት ቀላል የሚመስል ዘዴ ዘረጉ። ለአንድ ሰው ከባድ የሕይወት ጉዳይ ያቀርቡለትና እያሰበ ድምፁን አውጥቶ እንዲናገር ይጠይቁታል። ለምሳሌ፦ "ሰዎች ሕይወታቸውን ወደኋላ ሲመለከቱ ያሰቡትን እንዳላሳኩ ሊገነዘቡ ይችላሉ። ምን ሊያደርጉ፣ ምንስ ሊያመዛዝኑ ይገባል?" የተናገረው ሁሉ ይጻፍና በአምስት መስፈርቶች ይመዘናል። ስለ ሰው ልጅ ኑሮ የሚያውቀው ምን ያህል ነው? ምክር አሰጣጥንና ጠብ አበራረድን ምን ያህል ያውቅበታል? ነገሩን ከሰውየው ዕድሜ፣ ከዘመኑና ካለበት ሁኔታ ጋር አያይዞ ያየዋል? ሌላው ሰው ለሕይወት የሚሰጠው ግምት ከእርሱ ሊለይ እንደሚችል ያስባል? በመጨረሻም፣ ነገ ምን እንደሚመጣ በእርግጠኝነት እንደማይታወቅ ተቀብሎ ምክሩን በዚያ ልክ ያበጀዋል?

አምስተኛው መስፈርት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። በእኛ ዘንድ አዋቂ የሚባለው ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ነው። በዚህ መመዘኛ ግን "ይህን አድርግ፣ አለቀ" የሚል ሰው ከፍ ያለ ነጥብ አያገኝም። "እንዲህ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ" የሚለው ነው የሚያገኘው።

ታዲያ ዕድሜ ሲጨምር ጥበብም ይጨምራል?

ከጉርምስና እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ድረስ፣ አዎ፣ በግልጽ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ውጤት ግን ራሳቸውን ተመራማሪዎቹን አነጋግሯል። ከ20 እስከ 75 ዓመት ባሉት ሰዎች ዘንድ በዕድሜና በጥበብ ነጥብ መካከል ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልተገኘም። የ70 ዓመት አዛውንት በአማካይ ከ35 ዓመት ጎልማሳ አልበለጡም፣ አላነሱምም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ውጤቱ ሁለት ወሬ ይዟል። አንደኛው ለሽማግሌ አክባሪው ወገን ደስ የማይል ነው፤ ዓመት መቁጠር ብቻውን ጥበብ አያስገኝም። ሁለተኛው ደግሞ ለናቂው ወገን መልስ ይሰጣል፤ አእምሮ በብዙ በኩል እየዘገየ በሚሄድባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህ ችሎታ አይቀንስም።

ካናዳ የሚሠሩት ኢጎር ግሮስማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለአዛውንቶች ያደላ ውጤት አምጥቷል። ለተለያየ ዕድሜ አሜሪካውያን በቡድኖችና በግለሰቦች መካከል የተፈጠሩ አለመግባባቶች ቀረቡላቸው። ነገሩን ከብዙ ወገን በማየት፣ የዕውቀትን ወሰን በመቀበልና የእርቅ መንገድ በመፈለግ 60 ዓመት ያለፋቸው ከወጣቶቹ በለጡ። ቡድኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ጃፓን ውስጥ ሲጠይቅ ግን የዕድሜው ልዩነት እጅግ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። የጃፓን ወጣቶች ከመነሻው ከአሜሪካ እኩዮቻቸው የተሻሉ ነበሩ። በሰዎች መካከል ስምምነትን መጠበቅ ከልጅነት ጀምሮ በሚሠለጠንበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ አንዱ በ65 ዓመቱ የሚደርስበትን ሌላው በ30ው ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። እኔ ከእነዚህ ጥናቶች የምወስደው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጥበብ የሚገኘው ከዓመታቱ ሳይሆን በዓመታቱ ውስጥ ከሚደረገው ነገር ነው።

አእምሮ ሲያረጅ የሚደክመው ምኑ ነው?

ሬይመንድ ካቴል የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 የሰውን የማሰብ ችሎታ በሁለት ከፍለው ለማየት ሐሳብ አቀረቡ፤ በኋላም ጆን ሆርን አጠናከሩት። አንደኛው አዲስ ነገርን በፍጥነት የመረዳት፣ ያላየነውን እንቆቅልሽ የመፍታት ችሎታ ነው። ሁለተኛው በዘመናት የተከማቸው ነው፤ ቃላት፣ ሙያ፣ የሰው ጠባይ፣ የነገር አካሄድ። የመጀመሪያው በወጣትነት ጫፍ ላይ ደርሶ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሁለተኛው ግን እስከ ስድሳዎቹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲጨምር ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጆሹዋ ሃርትስሆርንና ሎራ ጀርማይን በኢንተርኔት ከአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ባሰባሰቡት መረጃ ሥዕሉ ይበልጥ ተብራራ። የአእምሮ ፍጥነት ጫፍ የሚደርሰው በ18 ወይም በ19 ዓመት አካባቢ ነው። የሰውን ስሜት ከዓይኑ የማንበብ ችሎታ ግን በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ፣ የቃላት ዕውቀት ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። ሰው በአንድ ቀን አያረጅም እንደምንለው፣ አእምሮም በሁሉም በኩል በአንድ ጊዜ አያረጅም። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛው በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ይህም ከላይ የተባለው ሁለተኛው ሀብት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሆነበት ዕድሜ ነው።

መዘግየቱ ራሱ ሁልጊዜ ድካም ላይሆን ይችላል። በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ራምስካርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በኮምፒውተር ሞዴል እንዳሳዩት፣ ብዙ የሚያውቅ አእምሮ የሚፈልገውን ለማግኘት ብዙ መካከል መፈለግ ስላለበት ይዘገያል። መርካቶ ውስጥ 40 ዓመት የቆየን የብረታ ብረት መደብርና ትናንት የተከፈተን ሱቅ አስቡ። አዲሱ ባለሱቅ የጠየቁትን ወዲያው ያነሳል፤ ያለው ዕቃ አሥር ዓይነት ነውና። አሮጌው መደብር ውስጥ ባለቤቱ መሰላል አስጠግተው ይፈልጋሉ፤ ሌላ ቦታ የማይገኘው ብሎን ግን የሚገኘው እዚያ ነው። የአእምሮ ሴሎች ግንኙነትም በዕድሜ ስለሚዘገይ ይህ ሞዴል ሁሉንም አያብራራም፣ ነገር ግን "ዘገዩ" ከሚለው ቃል ቀጥሎ "ደከሙ" ለማለት አለመቸኮል እንደሚገባ ያሳያል።

መጃጀት የምንለውስ?

መርሳት ሁሉ በሽታ አይደለም። የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ፣ መነጽር የት እንደተቀመጠ ሲረሳ፣ ይህ የዕድሜ ወግ ነው። የለመዱት ሰፈር ሲጠፋ፣ የተናገሩትን በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ ሲመጣ፣ ቡና አፍልቶ ማቅረብን የመሰለ የዘመናት ሥራ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ፣ ጠባይም ሲለወጥ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከዓይነቶቹም የበዛው አልዛይመር ነው። በዓለም ዙሪያ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚኖሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የእርጅና ተፈጥሯዊ ክፍል አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ በሽታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን፣ በዓለም ካሉት የመርሳት በሽታ ጉዳዮች 45 በመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 መንስኤዎች ጋር እንደሚያያዙ ዘርዝሯል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር፣ ሲጋራ፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ ብቸኝነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ከጨዋታ ሲለዩ "ድሮም አይሰሙም" ብለን የምንተዋቸው ከሆነ፣ ሁለት መንስኤዎችን አንድ ላይ እያጋበዝን ነው። የማዳመጫ መሣሪያ ለማግኘት የሚወጣው ድካም ለአእምሯቸውም የሚወጣ ነው።

ሁለት ሰዎች አንድ መከራ አይተው፣ አንዱ ብቻ ለምን ይበስላል?

በ1948 ዓ.ም. የተወለደ ኢትዮጵያዊ በ18 ዓመቱ የ1966ቱን አብዮት፣ በ29 ዓመቱ የ1977ቱን ረሃብ፣ በ35 ዓመቱ የ1983ቱን የሥርዓት ለውጥ፣ በ42 ዓመቱ ከኤርትራ ጋር የተደረገውን ጦርነት አይቷል። መከራ ብቻውን አስተማሪ ቢሆን ኖሮ የዚህ ትውልድ ሰዎች ሁሉ ጠቢባን በሆኑ ነበር። ከመካከላቸው በእርግጥ አሉ፤ ቂማቸው ከእነርሱ ጋር ያረጀም አሉ።

ኦስትሪያ ውስጥ የሚያስተምሩት ጁዲት ግሉክ ከሱዛን ብሉክ ጋር ሆነው ልዩነቱን የሚያመጡትን ነገሮች ለይተዋል። ለአዲስ አስተሳሰብ ክፍት መሆን አንዱ ነው። ስሜትን ሳይክዱ መግዛትና የሌላውን ሕመም መጋራት ሌላው ነው። ሦስተኛው፣ ሕይወት ሙሉ በሙሉ በእጃችን እንዳልሆነች እያወቁ በሚችሉት ላይ ግን መሥራት ነው። ከሁሉም ጋር አብሮ የሚሄደው ደግሞ በደረሰው ነገር ላይ መመለስና ማሰብ ነው፤ ያውም "ምን አደረጉኝ?" ብሎ ብቻ ሳይሆን "እኔስ በዚያ ነገር ውስጥ ምን ድርሻ ነበረኝ? ያ ሰው ለምን እንዲያ አደረገ?" ብሎ። ይህ የኋለኛው ጥያቄ ያማል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን እንሸሸዋለን። ሁሉም መከራ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ጊዜና አቅም ይተዋል ማለትም አይደለም፤ በልቶ ማደር ያቃተው ሰው ላይ "ለምን አልበሰልክም" ብሎ መፍረድ ጭካኔ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዳንኤል ካህነማንና ጌሪ ክላይን፣ በባለሙያ ግምት ላይ የተቃረነ አቋም የነበራቸው ሁለት ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ ላይ ጽፈው በሁለት ነጥቦች ተስማሙ። ልምድ ያለው ሰው ግምቱ የሚታመነው ሥራው የተረጋጋ ሥርዓት ሲኖረውና የወሰነው ነገር ውጤት ተመልሶ ለእርሱ ሲታየው ነው። የ30 ዓመት ገበሬ የዘራውን በመኸር ያየዋል፤ ከተሳሳተ ማሳው ይነግረዋል። የልምድ አዋላጅም እንዲሁ ናት። "ታገሺ፣ ተመለሺ" ብለው ባልና ሚስትን የሸኙ አማካሪ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን ላያውቁ ይችላሉ። ምክራቸው 100 ጊዜ ተደግሞ 100 ጊዜ ሳይፈተሽ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ልምድ በራስ መተማመንን ያሳድጋል፤ ማስተዋልን ግን አያሳድግም።

የሰውን ጠብ የሚያበርድ የራሱ ነገር ለምን ያቅተዋል?

ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ላሳተሙት ጥናት ስም የሰጡት በንጉሥ ሰሎሞን ነው። የሰሎሞንን ጥበብ ለኢትዮጵያዊ መተረክ አያስፈልግም፤ ንግሥተ ሳባ ልታየው የሄደችው ስለዚሁ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ሲካሰሱ እውነተኛዋን እናት የለየው ይህ ንጉሥ ግን በራሱ ቤት ነገር ልቡ ተወሰደ፤ ልጁ ሮብዓምም የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ አብሮ አደጎቹን ስለሰማ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ።

ተመራማሪዎቹ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ያላቸውን ሰዎች ጠየቁ። ለገሚሶቹ "ጓደኛህ ከድቶሃል እንበል" አሏቸው፤ ለቀሩት ደግሞ "የቅርብ ወዳጅህን የትዳር ጓደኛው ከድቶታል እንበል"። ስለ ወዳጃቸው ያሰቡት ይበልጥ አስተዋይ ሆነው ተገኙ። ስለ ራሳቸው የሚያስቡት ግን ጉዳዩን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ራቅ ብለው እንዲያዩት ሲደረግ ልዩነቱ ጠፋ። ጥናቱ ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆኑ ሰዎችንም አካቷል፤ ዕድሜ ከዚህ ድካም አላዳናቸውም። አዛውንትም በራሳቸው ጉዳይ ላይ ወጣት ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሽምግልና እንመለስ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች በየበኩላቸው የሚያምኗቸውን ሽማግሌዎች ይመርጣሉ። ሽማግሌዎቹ ከአንድ በላይ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው አቋርጦ አይገባም፤ ከገባ ይገሠጻል። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ይመካከራሉ። ካልተቋጨ ለሌላ ቀን ቀጠሮ ይሰጣል፤ በዚያ መካከልም ቁጣ ይበርዳል፣ ያልተነገረ ነገር ይወጣል። መጨረሻው ይቅርታ፣ አስፈላጊ ከሆነም ካሳ፣ ከዚያም ምርቃት ነው። ጉዳዩ የሽማግሌው የራሱ አይደለም፣ ስለዚህ ርቀቱ አስቀድሞ አለ። ብቻውን አይወስንም። ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይናገርም። ጊዜ አለው። ከጥናቶቹ የወጡት አብዛኞቹ ሁኔታዎች በሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው በግል ሲያማክሯቸው ተራ የሚመስሉ አዛውንት በሸንጎው ሲቀመጡ ሌላ ሰው የሚሆኑት፤ ማስተዋሉ ከራሳቸው ብቻ ሳይሆን ከአቀማመጡም የመጣ ነው።

ኡርሱላ ሽታውዲንገርና ባልተስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያገኙት ይህንኑ ይደግፋል። ሰዎች ከባዱን ጉዳይ ከሚያውቁት ሰው ጋር ተወያይተው፣ ከዚያም ለብቻቸው ጥቂት አስበው ሲመልሱ የጥበብ ነጥባቸው በግልጽ ጨመረ። የሚገርመው፣ ሰውዬው አጠገባቸው ባይኖርም እንኳ ምክሩን ከሚያከብሩት ሰው ጋር በሐሳባቸው የተነጋገሩትም በዚያው ልክ ተሻሽለዋል። "አባቴ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?" ብሎ ቆም ማለት ትርጉም ያለው ሥራ ነው።

የኦሮሞ ገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያየው፣ ልምድን ለአጋጣሚ ያልተወ ማኅበረሰብ ነው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። ሰው በእርከኖቹ ሲያልፍ ታሪኩን፣ ሕጉን፣ የዘመን አቆጣጠሩን ይማራል፣ በየእርከኑም የተለየ ኃላፊነት ይሸከማል። በቦረና ዘንድ የልጅ እርከን የሚወሰነው በተወለደበት ዓመት ብቻ ሳይሆን አባቱ ባለበት እርከን ነው፤ በመካከላቸውም አምስት እርከን፣ ማለትም 40 ዓመት አለ። ጉሚ ጋዮ የተባለው የቦረና ጉባኤ ደግሞ በየ8 ዓመቱ ተሰብስቦ ሕጎችን ይመረምራል፣ የመሪዎችንም ሥራ ይገመግማል። ካህነማንና ክላይን ያሉት የውጤት መመለሻ እዚህ ተቋም ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባ ጉድለት አለ። ሽምግልና ሁለቱን ወገን መስማት ነው ካልን፣ ሴቶች በሽማግሌነት በማይቀመጡበት ቦታ ከጉዳዩ ግማሹ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። የተደበደበች ሚስት "ለልጆችሽ ስትይ" ተብላ ወደ ደብዳቢዋ የተመለሰችባቸው እርቆች ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ጥበብ ብሎ መጥራት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አድርጎ፣ ለሽማግሌዎች የማስማማቱን ሥራ ተወላቸው። በኦሮሞ ባህል ያገቡ ሴቶች የሚይዟት የሲንቄ በትር ጠብን የማስቆም ኃይል አላት፤ የሴቶች ድምፅ በባህላችን ቦታ እንዳልነበረው አድርጎ መናገርም ስለዚህ ስሕተት ይሆናል።

ዘመንና አገር ሲቀየር ልምድ ዋጋ ያጣል?

ከፊሉ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን አዛውንቶች ይህን በግልጽ ኖረውታል። በጎንደር መንደሮች ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ አባቶች፣ በአዲሱ አገር ለሐኪም የሚናገሩትን የ10 ዓመት ልጅ አስተረጎመላቸው። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖሩ ወላጆችም ከባንክ የመጣውን ደብዳቤ ለልጃቸው ሰጥተው "ምን ይላል?" ሲሉ ተመሳሳይ ነገር ይደርስባቸዋል። የቤቱ ሥልጣን ሳይታወቅ ወደ ልጁ ይሸጋገራል፣ ልጁም ደብዳቤ ማንበብን ከማስተዋል ጋር አንድ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ዋጋውን የሚያጣው የአገሩን አሠራር የሚመለከተው ልምድ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ምርጫ፣ የሥራ ማመልከቻ በአዲሱ አገር እንደ አዲስ ይጠናሉ፤ እዚህ ላይ ወላጅ ልጁን ቢሰማ ይጠቅመዋል። ቅናት፣ ኩራት፣ ሐዘን፣ የገንዘብ ጠብ፣ የታመመ ወዳጅ አጠገብ መቀመጥ ግን ከባሕር ማዶም ያው ናቸው። በእስራኤል ያሉ ሽማግሌዎች በቤተሰብ ጠብ ላይ ዛሬም የሚጠሩት ለዚህ ይመስለኛል።

አዛውንቶች በትንሹ የማይቆጡት ለምንድን ነው?

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሎራ ካርስተንሰን ከ18 እስከ 94 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ከ10 ዓመታት በላይ ተከታትለው፣ በዕድሜ የገፉት በዕለት ኑሯቸው የተረጋጋ ስሜት እንዳላቸው አገኙ። ምክንያት ብለው የሚሰጡት፣ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማን ለማይረባው ጊዜ መስጠት እንተዋለን የሚል ነው። በከባድ ሕመም ምክንያት ጊዜያቸው ማጠሩን ያወቁ ወጣቶችም እንደ አዛውንት ይመርጣሉ፤ ከብዙ ትውውቅ ይልቅ ጥቂት የልብ ሰው። እርጋታ ራሱ ጥበብ አይደለም፤ ነገር ግን ነገርን ከሁለት ወገን ለማየት ፋታ ይሰጣል።

ያንኑ ታሪክ ለምን ደጋግመው ይነግሩናል?

ይህ ጥያቄ በየቤቱ አለ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ "አረጁ" የሚል ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 በጻፉት ጽሑፍ ሌላ ንባብ ሰጡት። አረጋውያን ወደ ያለፈው የሚመለሱት አእምሯቸው ስለደከመ ሳይሆን ሕይወታቸውን እየገመገሙ ስለሆነ ነው አሉ፤ ያልተፈታውን ለመፍታት፣ ያልታረቁትን ለመታረቅ፣ የሆነውን ከሌላው ጋር ለማገናኘት። ከዚህ በፊት እንዳልነው፣ ጥያቄው በደቂቃዎች ውስጥ ሲደጋገም ሌላ ጉዳይ ነው። በየወሩ፣ በየበዓሉ የሚመለሰው ታሪክ ግን ገና ያላለቀ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ያ ሥራ አድማጭ ይፈልጋል፤ አድማጩም ጠያቂ ቢሆን ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከአዛውንት የምንጠይቀው "ምን ላድርግ?" የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ብቻ ይጠራል። ታሪኩን የሚከፍቱ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። "ያኔ እንዲህ ሲወስኑ ሌላ ምን አማራጭ ታይቶዎት ነበር?" "እናታችን በዚያ ጊዜ ምን አሉ?" "ዛሬ ቢሆን የትኛውን ይለውጡት ነበር?" "የተጣላዎት ሰው ነገሩን ቢተርከው እንዴት አድርጎ የሚተርከው ይመስልዎታል?" የመጨረሻውን ቀድሞ መጠየቅ አይገባም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ዝም ካሉም ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻግሮ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ፈቃዳቸው ከሆነ በስልክ መቅረጽ ይቻላል፤ ልጆች አጠገብ ቢቀመጡም መልካም ነው፤ ልጆች አዋቂ የማይደፍረውን "ለምን?" ይጠይቃሉና።